ኖራ

ግድግዳውን እንጂ በሩን አላንኳኳ፤
እንደ እንስራ ገዢ ድምፁን እየለካ
በጣቱ አንጓ መታ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፤
እዚህ ጋ ድፍን ነው፣ እዚያ ጋ ተነፍቶ።
ኤንዴል ነው፤ ሳሬማ ደሴት የቀረው ግንበኛ፣
በሰማንያ ዓመቱ መሮው የማይተኛ።

«ይህ ቤት በቁም ሳለ ማነው የገነዘው?»
ዝም አልኩት፤ ሻጋታ ጥጉን እንደያዘው።
ሦስት ዓመት ቀለም ቀባሁ፣ ሦስቴም ተላጠ፤
ከምድጃው ኋላ ወለሉ ሰመጠ።

«አሮጌ ግድግዳ ይጠጣል፣ ይተፋል፤
አፉን ከለጎምከው ውኃው በየት ያልፋል?
ውርጭ የመጣ ለት እዚያው ረግቶ ይሰፋል፤
ድንጋዩን ከፊቱ እንደ ቆዳ ይገፍፋል።

«ግን ቀድመህ መሰላል፤ ቀድመህ ወደ ጣራ።
አሸንዳህን አየሁት፤ ሣር በቅሎበት ሊያፈራ!
የላይ ውኃ ሳይያዝ የታችህ ቢሠራ
ገንዘብህን ነው ወንዝ ዳር የምትዘራ።
አፈሩን ከግንቡ ዝቅ አርገው በስንዝር፤
ጠጠር ሙላ እዚያ። አበባህን ሌላ ጋ አዙር።
ከዚያ ሲሚንቶውን በመሮ ላጠው፤
ማሽን አያዝንለት፣ ድንጋዩን ነው የሚቆርጠው።

«ኖራ አንድ እጅ፣ አሸዋ ሦስት። የባሕሩን ተወው፤
ውኃ ይጠራብሃል ውስጡ ያለው ጨው።
ነሐሴ ላይ ጀምር፣ ውርጭ ሳያይ ጨርሰው፤
ፀሐይ አታሳየው፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰው፤
ገና አራስ ነው ኖራ፣ ንፋስ አታድርሰው።»

በሦስተኛው ቀን፣ ከመስኮቱ ሥር፣
መሮዬ ድንገት ቆመ።
የእጅ መዳፍ፣ ሲሚንቶው ላይ የታተመ፤
ከሥሩ በምስማር የተጫረ ጽሑፍ፦
«ሌይዳን ብርድ እንዳያገኛት። ኅዳር።»

አባቴ ነው።
ያን ዓመት እናቴ ስትስል
ከጋራ እርሻው መጋዘን ሦስት ከረጢት ለምኖ
ሌሊት በፋኖስ ለሰነ።
ብርዱ እንዳይገባ ብሎ
ብርዱን ከውስጥ ቆለፈው።

ኤንዴል አነበበው። መነጽሩን ጠረገ።
«እጁ ጥሩ ነበር» አለ፤ «ቁሱ ነው የከዳው።»

«ኖራ ቢሆን ኖሮ እናቴ በኖረች።»
ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።
እሱ ግን ገንዳውን በአካፋ እያማሰለ
«በኖራ ቤትም ሰው ይሞታል» አለ፤
«ባልዲውን አቀብለኝ፣ እየመሸ ነው።»

መዳፉን ዙሪያውን ጠርበን አወጣነው፤
ለሁለት ሰው ይከብዳል።
አሁን ከማገዶው ቤት ደጃፍ ተጋድሟል፤
ዝናብ ሲጥል አምስቱ ጣት ውኃ ይቋጥራል፣
ድንቢጥ ይጠጣበታል።

ግድግዳው ለሚያዝያ ደረቀ። ወለሉን እኔው ቀየርኩት።
አሸንዳውን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
ዘንድሮ ገና አልጠረግሁትም።