በመቀነስ የተገኘች

መቶ ስድሳ ሴት ናት የቆመች በደጅ፤
በእጄ የቀረኝ ሃያ አራት ካርትሪጅ።
ኮላም ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ይመታል፣
የካሹው ፋብሪካ ጭስ ከመሬት ተጣብቆ ይተኛል።

ጣታቸው በቅርፊቱ ዘይት ተቃጥሎ ጠቁሮ፣
አመድ ለብሶ፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ ገመድ ከሮ፣
የአክታ ብልቃጣቸውን በሳሪ ጫፍ ቋጥረው ያመጣሉ፤
«ሬማ፣ መኪናሽ ዛሬ ስንቱን ያያል?» ይላሉ።

ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ካልሁ፣ ሃያ አራቷ ታይታ
መቶ ሠላሳ ስድስቷ ሳሏን ይዛ ትሄዳለች ማታ።

ስለዚህ ቀላቀልሁ።
ከስምንት ብልቃጥ ጠብታ ጠብታ ቀድቼ፣
ስምንት ትንፋሽ ባንድ ቱቦ አጋብቼ፣
ትራፊውን በየስሙ በማቀዝቀዣ አኖርሁ።

መምህሬ ኩርያን፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጠመኔ ይዘው በእጃቸው፣
«ንጹሕ ቱቦ ስምንቱን ባንድ ቃል ያሰናብታል» ይሉ ነበር፣ ሳቅ እያለ ዓይናቸው፤
«ካልሆነ ግን ተመለሽና አንድ በአንድ ጠይቂያቸው።»

ማሽኑ አራት ጉሮሮ ብቻ ነው ያለው፤
አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ነው፤
መብራት ከሄደ ደግሞ ዙሩ ከንቱ ነው።

ንጹሕ። ንጹሕ። ንጹሕ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።
ስምንት ስምንት ሆነው ወጡ ከትካዜ።
አሥራ አራተኛው ቱቦ ብቻ፣ በቀይ ፊደል፣
«አለ» አለ።
በማን እንዳለ ግን አላለ።

ተቆጣጣሪው ጎፒናታን በስልክ ጮኸብኝ፤
«ያንዷን ስም ንገሪኝ፣ አለዚያ ስምንቱንም አባርራለሁ» አለኝ።

አራት ካርትሪጅ። ስምንት ስም። ለሁለት ከፈልኋቸው።
ሊላማ፣ ታንካማኒ፣ ሱሎቻና፣ ፑሽፓቫሊ፣
አራቱ ባንድ ቱቦ ገቡ፤ ንጹሕ ናቸው።

ሦስት ቀረኝ።
ኩንጁሞል፣ ለብቻዋ፤ የለባትም።
ራጃማ፣ ለብቻዋ፤ የለባትም።
ቫሳላ፣ ሌሊቱን ስትስል የምታድረው፣
እሷ ናት ብዬ በልቤ የፈረድሁባት፤ የለባትም።

ባዶ ሣጥን። ባዶ እጅ።
የቀረችው ኦማና ናት፣ ያለ ካርትሪጅ።

ጠዋት ነገርኋት። ዝናቡ ለአፍታ ቆሞ ነበር።
«እኔን አይተሽኛል?»
«ለብቻሽ አላየሁሽም።»
«ታዲያ በምን አገኘሽኝ?»
«በመቀነስ።»

ዝም አለች። ስምንት ጣት ዘረጋች፣ ሰባቱን አጠፈች፤
አንዲት ጥቁር ጣት ቆማ ቀረች።
«ሃያ ዓመት ስፈለፍል» አለች፣
«ሙሉው ፍሬ ይመዘናል፣ የተሰበረው ይቀነስብናል።
መቀነስን አውቀዋለሁ፤ ሲቀንሱኝ ነበር የምጠፋው።
ተቀንሼ ስገኝ ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው።»

ኪኒኑን ቆጠርሁላት። ስድስት ወር።
ከዚያ ወረቀት አወጣሁ፣ የሰባቱን ስም ልጽፍ፣ «ሥራ ይግቡ» ልል፤
ብዕሬ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።
መቀነስ ጎፒናታንም ይችላል።

ለሰባቱ የነገረቻቸው ራሷ ኦማና ናት።
ሊላማ አፏን በሳሪዋ ሸፍና መጣች፣ ከበሩ ሳታልፍ፦
«ሁለት ሳምንት ሁላችንም አንገባም። እሱ ይቁጠርና ይድከም።»
ቫሳላ ብቻ ረቡዕ ገባች።
ሦስት ልጅ አላት፣ የቤት ኪራይ አለባት፤
ማንም አልወቀሳት።

እኔን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሌላ ነው፤
ከአሥራ ዘጠኙ ባንዱ ውስጥ፣ በሰባት ጤነኛ መሐል ቀጥኖ፣
ማሽኑ ያልሰማው ሹክሹክታ ቢኖርስ ተሸፍኖ?

ለሚቀጥለው ወር መቶ ስድሳ ጠየቅሁ።
ዛሬ መልሱ መጣ።
ሠላሳ።