ተመላሽ

አቶቴ፣ ከታክሲው መዞሪያ በስተጀርባ፣
ቆርቆሮ ቤት አለኝ፣ በሚስማር ቀዳዳው ፀሐይ የሚገባ።
በር እሠራለሁ፣ የሮቶ ማቆሚያ፣ የመስኮት ፍርግርግ፤
ወገቡ የተሰበረ ባጃጅም ሲመጣ
በጎኑ አስተኝቶ ዳግም እንዲሄድ ማድረግ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ላሊሶ ነው፣ ረዳቴ፣
ምሳ ላይ፣ የዓሣው ቅባት ገና ሳይለቅ ከጣቴ።
«ይዩማ ጋሼ፣ ይህ ሮኬት ወጥቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል» አለኝ።
«እንደ ለስላሳ ጠርሙስ?»
«አዎ፣ ተመላሽ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን ሮኬቱን አይደለም ያየሁት።
ብረቱን ነው ያየሁት።
ሜዳ ላይ፣ በውቅያኖስ ዳር፣ ንፋስ በሚያንገላታው መሰላል፣
አንድ ሰው እንደኔ ጭንብል አጥልቆ ቀለበት ከቀለበት ያያይዛል።
ስፌቱን አጉልቼ አየሁት፤ ወዲህ ወፍሯል፣ ወዲያ ሳስቷል፣
እዚህ ጋ እጁ ዝሏል፣
እዚያ ጋ ትንፋሹን ውጧል።

ከዚያ ወዲህ እየጠበቅን መሸ፣ እየጠበቅን ነጋ።

የመጀመሪያው ወጣ፤ እንደ ጎተራ ወፍራም፣ እንደ ጎተራ ቀጥ ያለ፤
ከላይ ሞተሩን አጥፍቶ በሆዱ ወደቀ፣ አየሩ ላይ እየዋለለ።
መሬቱ ሲቀርብ ቀና ሊል ሞከረ፤
ዘገየ።
እሳት ብቻ ታየ።

ሁለተኛው ሲመለስ አንዱ ሞተር እምቢ አለ።
«ካንዴላው ነው» አለ ጩፋሞ፣ ባጃጁን ሊያስበይድ መጥቶ እንዳለ።

ሦስተኛው ወረደ። ቆመ! እኔና ላሊሶ ተቃቀፍን፣
ጎሚስታው ሳይቀር ከማዶ መጥቶ አጨበጨበልን።
ለስላሳ አስመጥተን፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣
ቆሞ ሳለ ፈነዳ፣ ከእግሩ ሥር፣ በድንገት።

እዚያ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ?
ሰዎቹ አጨበጨቡ።
«ሙከራ ነው» አሉ፣ «ብዙ ተምረናል» አሉ፤ ስብርባሪውን ሰበሰቡ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ታቦር ግርጌ፣ ወይዘሮ እታፈራሁ ግቢ፣
አራት ሜትር የሮቶ ማቆሚያ አቆምኩ።
የግራው እግር ስፌት ሌሊት ተከፈተ።
ሰው አልሞተም። አንዲት ፍየል፣ ግማሽ አጥር፣
ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ እስከ ጎረቤት ደጅ።
ማንም «ሙከራ ነው» አላለኝም።
ሁለት ዓመት ከፈልኩ።
ዛሬም በዚያ ሳልፍ አንገቴን እሰብራለሁ፤
ሮቶው አዲስ እግር አለው፣ የሌላ ሰው እጅ ሥራ፤
ስፌቱን ግን እቆጥራለሁ።

አራተኛው ሌሊት ሆነ፣ በእኛ ሰዓት።
መብራት ሄዷል። የላሊሶ ስልክ ዘጠኝ ፐርሰንት።
ፓኬጁም ሊያልቅ ነው፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤
ከሐይቁ በኩል የጉማሬ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር ቢምቢ።
ሮኬቱ ወጣ። ጉም ዋጠው። ተመለሰ በሆዱ፤
ሞተሮቹ ነደዱ፤
ቀና ማለት ጀመረ፣
ምስሉ እዚያው ላይ ቀረ።
ግማሽ ቀና፣ ግማሽ ጋደም፣
እንደ አባ ኮዳ ሊያርፍ ሲል፣ እግሩን ዘርግቶ፤
ከዚያ ስልኩም ጠፋ፣ ባትሪው ሞቶ።

«አርፏል» አለ ላሊሶ።
ዝም አልኩት።
«ወይስ ፈንድቷል?»
ዝም አልኩት።
በጨለማው ግን የጠረጴዛዬን ጠርዝ፣ የራሴን የድሮ ስፌት፣
በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።

ጠዋት፣ ዓሣ የጫኑት ጋሪዎች ከአሞራ ገደል ሲመለሱ፣
ጩፋሞ መጣ፣ ላብ በላብ፣ ባጃጁን እየገፋ በራሱ።
አራት ጊዜ የበየድኩለት ነው፣ ወገቡ ላይ ጠባሳ የደረደረ፤
እሱም እንደኛ ሮኬቱን ሲጠብቅ ያደረ።
ገና ከአስፋልቱ ማዶ እጁን እያወናጨፈ
«ቆመ!» ብሎ ጮኸ። «ጋሼ፣ ቆመ!»

ላሊሶ ዘለለ።
እኔ «የቱ?» ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት።
ባጃጁን በጎኑ አስተኛነው፤
አምስተኛ ስንጥቅ፤
በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩት።