ብይ እና ብይን

ጋምቢያ ወንዝ ዳር፣ ባንሳንግ ትምህርት ቤት፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ ከቀትሩ ሙቀት፣
መምህር ጃርጁ ገቡ ሁለት በርሜል እያንከባለሉ፤
«ዘይት ልንነግድ ነው?» ልጆች ሳቁ ሁሉ።
ባለፈው ዕለት ፋንሱ «መንግሥት ምን ይመስላል?»
ብሎ ጠይቆ ነበር፤ መልሱ ዛሬ መጥቷል።

ከየክዳኑ ሥር ቱቦ ተቀብሯል፣
ከቱቦው ጫፍ ደግሞ የብስክሌት ደወል፤
ከወለሉ አሸዋ። ደወሉን የነካች
ብይ እዚያ ስትወድቅ ትንፍሽ ሳትል ታርፋለች።

«ፊደል ያልቆጠሩት አያቶቻችሁ
ሰው የሾሙት በዚህ ነው፤ ትሰማላችሁ?
አንድ ሰው፣ አንዲት ብይ፤ አንዲት ብይ፣ አንድ ቅጭል፤
ሁለቴ ከጮኸ፣ ሌባው የት ይገባል?»

ኪስ ሁሉ ተራገፈ። የፋንሱ ዥጉርጉር፣
የዴምቦ ወተት መሳይ፣ የእኔዋ ጥቁር፣
አንድ ጎኗ ሽራፊ። በባርኔጣ ለቅመው፣
የማን እንደሆነች እንዳትለይ በጥብጠው፣
ለየሰው አንዳንዷን አደሉን መልሰው።

«ምን እንወስን?» አሉ። ዴምቦ እጁን አወጣ፦
«ከጉድጓዱ ውኃ ማን ቀድቶ ያምጣ?
በጀልባ ተሻግረው ከማዶ የሚመጡት፣
ውኃ ለምደው የለ? እነሱ ይቅዱት!»
ሳቅን። አልሳቁም ኩምባና ጄናባ፣
መንትዮቹም፣ ሳይኩና ሳምባ።

ከሰሌዳው ጥግ ሽርጥ ተሰቀለ፤
አረንጓዴው «ይሁን»፣ ነጩ «አይሁን» አለ፤
ቅጭሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ማን የት እንደጣለ
ከሽርጡ በቀር የሚያውቅ የለ።

ተራዬ ደረሰ። ገባሁ። ጨለማ ነው።
ትላንት ያዋሰችኝ የኩምባ እስክሪብቶ
ደረት ኪሴ ውስጥ አለ፣ ክዳኑ ጠፍቶ።
ጣልኩ። ቅጭል! አለ። አረንጓዴው ነው።

ቆጠርን። ሠላሳ አንድ ለአምስት።
«አምስት?» አለ ዴምቦ፣ «እነሱ እኮ አራት!
አምስተኛው ማነው?» «እሱ አይጠየቅም»
አሉ መምህር ጃርጁ፤ «ሽርጡም አይናገርም።»

ከነጩ በርሜል ውስጥ፣ አሸዋ እንደለበሰች፣
ያቺ የእኔ ሽራፊ ከአምስቱ አንዷ ነበረች፤
በማላውቀው መዳፍ ከእኔ ተሽላ ዋለች።

«ብዩ ተቆጠረ» አሉን፤ «ብይኑ ግን ገና፤
ሠላሳ አንድ ጉሮሮ ውኃ ጠማውና
አራት ሰው ሎሌ ይሁን?»
                            ዴምቦ ተቆጣ፦
«ታዲያ ያ ሁሉ ደወል ለምን መጣ?
እርስዎ ከሻሩት፣ ንጉሥ ነዎት በቃ!»

ፍየል በመስኮት አየችን፤ ሄደች።

ዝም አሉ ለአፍታ። ከመሳቢያው ውስጥ
ደብተር ወጣ፣ ጥጉን የበላው ምስጥ፤
መስከረም ላይ ሁላችን ፈርመንበታል፦
«ሥራ በየተራው፤ መምህሩም ይቀዳል።»
«ልቀይረው ብል እንኳ ብቻዬን አልችልም፤
እኔም ከሥሩ ነኝ፤ ከላዩ አልወጣም።»

ዴምቦ አላመነም። እውነቱን ልናገር፣
እኔም በዚያን ቀን ገና አላመንኩም ነበር።
«ዛሬ የማን ተራ ነው?» አሉ ገጹን ገልጠው፤
የእኔ ነበር። ሄድኩኝ፣
የባልዲው እጀታ ጣቴን እየቆረጠው።

ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ። መጋረጃው ተከድኗል፤
ውጭ የተቀመጠው ዘበኛ ያዳምጣል፤
አንድ ቅጭል ብቻ። ድምፄ ይህቺው ናት።
ያቺን አምስተኛዋን እጅ እስካሁን አላውቃት፤
እስክሪብቶውንም ለኩምባ አልመለስኩላት።