ዝም ሲል

ኒውፋውንድላንድ በረዶ፤ ዓሣ ፋብሪካው በተዘጋ ሳምንት
ሴልቢ ወይን ጣለ፣ ወርዶ ከምድር ቤት።
የወይን ሐረግ በሕልሙም አይቶ አያውቅ።
ካርቶኑን ቀደደ በዓሣው ቢላ፣
ላስቲኩን ገልብጦ ጠርሙሱን ሞላ፤
እርሾ እንደ ጨው በተነ፣ የባሉጥ ስንጣሪ፤
ካፉ ላይ የውሃ መዝጊያ፣ አረፋ ቆጣሪ።

ቡልቅ… ቡልቅ… ሌሊቱን። ኡና ከላይ ተኝታ፤
ከደመወዙ ጋር ወሬዋም ተገታ።
እሱ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ኮቱን ደርቦ፣
ያዳምጣል ወይኑን፣ ጆሮውን አቅርቦ።

በአርባኛው ሌሊት ቡልቅታው ጠፋ፤
«ይህም ተዘጋብኝ» አለ፤ ሆዱ ከፋ።

ኡና ወረደች፣ መነጽሯን ሰክታ፣
የመመሪያውን ወረቀት ከካርቶኑ አንስታ።
«‹ሲደርስ ዝም ይላል› ነው’ኮ የሚለው» አለች፤
አንድ ኩባያ ቀድታ ለሁለት ከፈለች።