የዓርብ ገመድ

የሐጂ ጁምዓን እግር አጥቤ፣ ጥፍር ቆርጬላቸው፣
ወንበሩን ወደ ባሕሩ መስኮት አዙሬላቸው፣
«ዓርብ ነው፣ ልሄድ ነው» ስላቸው፣
ወደ ድምፄ ዞረ ብርሃን ያጣ ዓይናቸው።

ሙሐረቅን ትቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣
ማናማ እገባለሁ በባዶ ሆዴ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ።
አንዲት የኪራይ ቪላ አለች፤ የላት መስቀል፣ የላት ደወል፣
በጎማ ሻጭና በጥርስ ሐኪም መሐል ተሸጉጣ የምትውል።
ሞርሞን ይሉናል ሰዎች፤ እኛ «እህት፣ ወንድም» እንባባላለን፣
ዳቦ ቆርሰን፣ በጣት አንጓ ልክ ኩባያ ውሃ እንጠጣለን።

እንዴት ገባሁ? አጎቴ ቅኔ ዘራፊ ነበር፤
«ወርቁን ቅበረው፤ የሚሻው ይቆፍር» ይል ነበር።
እዚህ ደግሞ የወርቅ ሰሌዳ ከኮረብታ ሥር
ተቀብሮ ቆየ፣ ኋላ ወጣ ሲሉኝ ጊዜ
ሳቄ አመለጠኝ፤ ቀጥሎ ዝም አልኩ፤ የማውቀው ነው ያ አባዜ።

መዝሙር ከፍተው ስለ ቀደምት እናቶቻቸው አወሩኝ ደግሞ፦
ጋሪ እየገፉ በረሃ ሲያቋርጡ፣ ልጅ በመንገድ ቀርቶ፣ እግር በብርድ ታምሞ፣
«ስንቁ ያለቀባት ስንኝ ትቋጥር ነበር» አሉኝ፤
ያን ቀን ነው «እህት አጸደ» ብለው «አቤት» ያስባሉኝ።

የወሩ መጀመሪያ ዓርብ ግን ሰባኪ አይቆምም፤
ጾመን እንመጣለን፤ መድረኩ የማንም፤
ልቡን ለሚናገር ክፍት ነው ለሁሉ፣
እናም ሁሉም ሲነሣ «አውቃለሁ» ነው ቃሉ።

እህት ማሪቴስ፣ «አውቃለሁ»።
ወንድም ራጃን፣ «አውቃለሁ»።
የአምስት ዓመት ልጅ፣ አባቱ በጆሮው እየነገረው፣ «አውቃለሁ»።
እኔ ከኋላ ወንበር የማላውቀውን እቆጥራለሁ።

ወንድሜ ስንሻው ከኦቦክ በጀልባ የተነሣበት
ሌሊት፣ እንደ ነጋ አላውቅም፣ ወይ እንዳልነጋበት።
ለሙታን በውክልና እንጠመቃለን እኛ፤ ስሙን ልሰጥ ሄድኩ፤
ቅጽ ሰጡኝ፦ ስም። የአባት ስም። የትውልድ ዘመን። ሞላሁ፣ ቀጠልኩ፣
«የሞተበት ቀን» የሚል መስመር ላይ
እስክሪብቶው ቆመ፤ እጄም ቆመ። አይ፣
ብጽፍ ገደልኩት፤ ብተው ተውኩት፤
ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።
ስምንት ወሩ።

ለሐጂ ነገርኳቸው በተሰባበረ ዓረብኛ፤
ዝም ብለው ቆዩ፣ እንቅልፍ እንደያዘው መንገደኛ።
ከዚያ፣ «አባቴ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤ ትንፋሹን ይዞ ሲወርድ፣
ታንኳው ላይ የሚያዜም ሰው ነበር፣ በእጁ የጨበጠ ገመድ» አሉ።
«ከታች ይሰማል?»
«አይሰማም፤ ውሃ ነው።
ዜማው ገመድ ያዡ እንዳይለቅ ነው።»

ዛሬ ተነሣሁ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ደግሞ ጸና።
በሐዋላ ደረሰኝ ጀርባ የጻፍኩትን ዘረጋሁና
«አላውቅም» ብዬ ጀመርኩ፣ በአማርኛ፤
የሚሰማው አልነበረም፣ ከእግዜር በቀር ሌላ ዳኛ፦

    «አላውቅም፣ ውሃው ጥልቅ ነው፤ አላውቅም፣ ጀልባው ቀላል፤
    አንተ ታውቅ እንደሆን፣ ከታች ማን ይሰማል?
    ቀኑን አልጽፍልህም፣ ስንሻው፤ መስመሩን ግን ሞልቻለሁ፣
    በስምህ ስንኝ አስሬ ከላይ ተቀምጫለሁ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም፣ ሳይገባቸው ነገሩ፤
የኔ «አላውቅም» ከ«አውቃለሁ» ጎን ተቀመጠ፤ አልጠበበም ወንበሩ።

ማታ ሾርባቸውን እያበረድኩ ሳለሁ፣
«ተናገርሽ?» አሉኝ። «ተናግሬያለሁ።»
«ገመዱስ? ተነቃነቀ?»
                «አላውቅም፣
ሐጂ። ግን አልለቀቅሁም።»