ሁለት ሲቀነስ

ሄርዲስ፣ የሆፍን ጎሚስታ፣ በጋራዧ ውስጥ ቆማለች፤
አራት መለኪያ ደርድራ፣ አንዱን ልትመርጥ ታያለች።
ውጭው አይስላንድ ነው፤ ጥር፤ ጨለማው ገና አልነጋ፤
ጎማው አንድ፣ የፊት ግራ፤ ሌሊቱን በብርድ የረጋ።
(ጎማ ከመንገድ እንደ ገባ፣ ትኩስ ሳለ አይለካም፤
ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ፣ ለምስክርነት አይበቃም።)
አንድ ጎማ፣ አንድ ንፋስ፣ አንድ ጧት፣ አራት ዳኛ፤
አራቱም አራት ቁጥር አሉ፤ ማን ይሁን እውነተኛ?

የመጀመሪያው ያብለጨልጫል፤ በመስኮቱ ቁጥር ያበራል፤
እስከ ነጥብ እስከ ሽርፍራፊ፣ አንድ በአንድ ይዘረዝራል።
ሻጩ ምሎ ነው የሸጠላት፣ “የዘመኑ ነው” እያለ፤
ከደጅ ለሩብ ሰዓት ብታኖረው፣ ባትሪው በብርድ ዛለ፤
ፊቱ ጠቆረ፤ ዝም አለ።
ተራራ ላይ ዝም የሚል፣ ቤት ቢለፈልፍ ምን ሊረባ?
በጋ ሲመጣ ይናገር፣ ሜዳው ሲለብስ አበባ።

ሁለተኛው የከባድ መኪና ነው፤ እስከ መቶ ይቆጥራል፤
ለሰባና ለሰማንያ፣ ልቡ ሞልቶ ይመሰክራል።
የበረዶ ግግር መንገድ ግን፣ ጎማን ወደ ሦስት ያወርዳል፤
በስድስት ከሄድክ ትሰምጣለህ፤ በአንድ ከቸርኬው ይወልቃል።
እዚያ ታች፣ ከዜሮ ጎረቤት፣ ይኸኛው ምንም አያውቅም፤
መቶ መቁጠር የለመደ፣ ሦስት ሳንቲም አይታየውም።

ሦስተኛው እርሳስ መሳይ፣ ዘንጉን አውጥቶ የሚያሳይ፤
ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስት መልስ፣ አንዱ ካንዱ የሚለያይ።
አራት፤ ከዚያ ሰባት፤ ከዚያ ደግሞ አምስት ተኩል፤
ሲያሻው እውነት የሚናገር፣ ሲያሻው የሚያታልል።
እንዲህ ያለ ዘመድ ነበራት፤ ስሙን መጥራት አትፈልግም።

አራተኛው የአባቷ፣ የኡልፋር ነሐስ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፤
በረዶ የዋጠውን ሰው ፍለጋ፣ ሠላሳ ክረምት የዘለቀ።
አንድ ቀን ከእጁ ወድቆ፣ ድንጋይ ጭንቅላቱን መታ፤
ከዚያ ወዲህ ሁለት ይጨምራል፣ ጧትም ይሁን ማታ።
ሦስት ሲሆን አምስት ይላል፤ አምስት ሲሆን ሰባት፤
ውሸቱን እንኳ በልክ ነው፤ አይጨምርባት፣ አይቀንስላት።
ጀርባው ላይ በተለጠፈ ፕላስተር፣ በኡልፋር እጅ ተጽፏል፦
“ሁለት ሲቀነስ።” ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል።

ሄርዲስ አምስተኛ ገዛች፤ ፊቱ ሰፊ፣ እስከ አሥራ አምስት ብቻ፤
ባትሪ የለው፣ ጌጥ የለው፤ የላስቲክ ካፖርት ለብሷል፣ ለመውደቅ መመከቻ።
ይዛው ሄደች ወደ ስቴይኑን፣ ወደ ዓሣ ፋብሪካው መሐንዲስ፤
እዚያ በየዓመቱ የሚመረመር አለ፤ ማኅተሙ እስኪታደስ
ማንም እጁን የማያሳርፍበት።
ሦስት ላይ አቆሙት፤ ሦስት አለ። ለቀቁት፤ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤
እንደገና፤ ሦስት። እንደገና። የሄርዲስ ጥርጣሬ ፈረሰ።
“ያባትሽንስ?” አለች ስቴይኑን። “ልጣለው ብዬ ነበር።”
“እሱን? እኔ ጋ ተዪው እንግዲያው፤ ግድግዳዬ ላይ ይኑር።”
ሄርዲስ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

በመጋቢት ወጡ፤ ኡልፋር ጎኗ፤ ጉልበቱ እንጂ ዓይኑ አልደከመም፤
ምድሩ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፤ የሚለያቸው መስመር የለም።
ወርዳ ተንበረከከች፤ ንፋሱ ከቫልቩ እያፏጨ ወጣ፤
“ስንት ይላል?” “ሦስት።” ሽማግሌው በዱላው ተደግፎ መጣ፤
ነሐሱን ከሹራቡ ሥር፣ ከገላው ሙቀት አወጣ፤
በቀስታ ገጠመው፤ አነበበ፤ ለአፍታ ዝም አለ፤
“የኔ አምስት፤ ተስማማን፤” ብሎ፣ በጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

ጎማው በረዶው ላይ ተዘረጋ፣ እንደ ድመት መዳፍ፤
የፕላስቲክ ክዳኑን በጥርሷ ይዛ ነበር፤ መለሰችው ወደ አፉ አፍ።
ገና ሦስት ጎማ ይቀራል።