ይችላል

የዛሬው መዝገብ ስስ ነው፤ ሰባት ገጽ ብቻ፣
በላዩ "እስከ ዓርብ" የምትል ቢጫ ማስታወሻ።
ኦሪን ብራታስ። አመክሮ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱ።
ጥፋቱ፦ ሳይፈቀድለት ከግዛቱ መውጣቱ፣
ቀይ ወንዝ ላይ፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል፤
ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰረው መሣሪያ ይናገራል፦
ዐሥራ አንድ ሜትር።
ከጠረጴዛዬ እስከ አሳንሰሩ በር።

ወንዙ የሁለት ግዛት ወሰን ነው፤ በካርታ ላይ ሲታይ፣
ነጠብጣብ መስመር አለው፣ ልክ መሐሉ ላይ።
በጥር ግን ወንዝ የለም። ነጭ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር፤
የቀበሮ ዱካ፣ አልፎ አልፎ የጣውላ ዳስ፣
ውስጡ ባልዲ ላይ የተቀመጠ ሰው፣
ክሩን በቀዳዳ ሰዶ ጨለማውን ሲዳስስ።

ለተቆጣጣሪው የሰጠውን ቃል ወይዘሮ ኪትልሰን ጽፋዋለች፦
"በዚህ በኩል አልያዝ አለኝ። ዓሣዋ ወደዚያ ሄደች።"
ሌላ ምክንያት የለውም፤ የተሻለ ውሸት እንኳ አላሰበም።
መስመሩ የት ጋ እንደነበር ብትጠይቀው
ጓንቱን ዘርግቶ አሳያት፣
ነጩን ሁሉ።

አንቀጽ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከስድስት ዓመት በፊት፤
"ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከግዛቱ አይወጣም።"
ያኔ ሐምሌ ነበር፣ መስኮቱ ክፍት፤
በረዶ ትዝ አላለኝም።

የእኔ ሥራ መፍረድ አይደለም። ማሰርም መፍታትም የቦርዱ ነው።
እኔ የምመዝነው ቃል ነው፤ "አለበት" ነው ወይስ "ይችላል" ነው?
"አለበት" በር ይዘጋል። "ይችላል" ገርበብ ያደርጋል፤
በዚያች ክፍተት ብርሃንም ይገባል፣
ብርድም ይገባል።

አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለስብሰባ ግራንድ ፎርክስ ሄጄ፣
ከዕቃ መሸጫ ስወጣ፣ የበረዶ መፋቂያ ይዤ፣
በሩን ይዞልኝ ቆመ።
ከፎቶግራፉ ይልቅ አጠር ይላል። ጢሙ ላይ ሰናፍጭ ነክቶታል።
የግራ ሱሪው እግሩ ጋ አብጧል።
የጥርስ ሕመሙን አውቃለሁ፤ የእናቱን ኑዛዜ፣ የተፋታበትን ወር፤
እሱ የሚያውቀው አንዲት እጇ የሞላ ሴት ነበር።
"አመሰግናለሁ" አልኩት።
ስሙ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሐሙስ ማታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ።
ወሰን ቢረጋም ወሰን ነው፤ ይህን መካድ አልቻልኩም።
ርቀቱ ይታይ አልኩ፤ አለማወቁም ይታይ፤ ዓሣዋም።
ዓሣዋን ሰረዝኳት።
"ስለዚህ ቦርዱ ወደ ወኅኒ ሊመልሰው ይችላል።
ላይመልሰውም ይችላል።"
ፈረምኩ፤ መብራት አጠፋሁ፤ እራት በላሁ፤
ደህና ተኛሁ እንኳ፤ አልዋሽም።

ሁለት ለአንድ።
ዘጠና ቀን።

በሕጉ መሠረት ዳሱ በመጋቢት አጋማሽ መነሳት ነበረበት።
ማን ያንሳው? ባለቤቱ የለበት።
በሚያዝያ በረዶው ተሰነጠቀ፤ ኪትልሰን በስልክ ነገረችኝ፦
ቀይ ወንዝ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው፤
ጣውላው፣ ባልዲው፣ በጎኑ ላይ በቀለም የተጻፈው የኦሪን ስም፣
ተያይዘው ወደ ካናዳ፣
ያለ ጽሑፍ ፈቃድ።
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ሁለታችንም መስመሩ ላይ ዝም።

"እሱስ?" አልኳት፤ "ዘጠናው ቀን እንዴት ሆነለት?"
ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል።
"ቻለው" አለችኝ።
እንዲህ ያለ ትርጉም እንዳለው ረስቼው ነበር፤
ለቦርዱ በጻፍኩት ጊዜ ቀሎ ነበር።

አንቀጽ አራትን አሻሽያለሁ። "ወንዙ በረጋ ጊዜ"
ብሎ የሚጀምር አንድ ዐረፍተ ነገር ገብቷል፣ ለሚቀጥለው ሰው።
ዛሬ ሐምሌ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው።
የሣር ማጨጃ ድምፅ ይሰማል።
ደግሜ አነባለሁ፤
አሁንስ ትዝ ያላለኝ ምንድን ነው?